«ምግብ ነው» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ፦ የጤና መድን ለተለገሰ የእናት ጡት ወተት ሊከፍል ይገባል?

የመንታ እናት (ሲያትል)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳነብ እንጂ ስጽፍ አላውቅም፤ ትናንት በፖስታ የመጣ ደብዳቤ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

መንታ የወለድሁት በ31ኛው ሳምንት ነው። ወንዱ 1,310 ግራም፣ ሴቷ 1,540 ግራም። ሁለቱም ወዲያው የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ገቡ። የደም ግፊት ስለነበረብኝ በቀዶ ሕክምና ነው የተገላገልሁት፤ አራት ቀን ሙሉ ከጡቴ ጠብታ እንጂ ወተት አልወጣም። በየሦስት ሰዓቱ እታለባለሁ፤ የምትገኘው እንገር በምሰበስብበት ሲሪንጅ ጫፍ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች። እናቴ ከአዲስ አበባ በስልክ «አጥሚት ጠጪ፣ አብሽ ጠጪ» ትለኛለች፤ ባለቤቴ ከሌሊት ሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ አጥሚቱን ይጥዳል። ቢሆንም ለሁለት የሚበቃ አልሆነም።

የሆስፒታሉ ደንብ እንዲህ ነው፦ ሲወለድ ከ1,500 ግራም በታች የነበረ ሕፃን የእናቱ ወተት ካልበቃው ከወተት ባንክ (ከለጋሽ እናቶች ወተት ተቀብሎ፣ አምክኖ ከሚያከፋፍል ድርጅት) የመጣ የተለገሰ ወተት ያገኛል። ከዚያ በላይ የሆነው የዱቄት ወተት ይሰጠዋል። እንግዲህ ወንዱ ይገባዋል፣ ሴቷ በ40 ግራም አይገባትም። 40 ግራም ማለት ግማሽ ሲኒ ቡና ነው። አንዲት የሌሊት ነርስ ወደ ጆሮዬ ዝቅ ብላ «አንቺ አልበሽ ያወጣሽውን በሙሉ ለእርሷ አድርጊው፤ ለእርሱ ባንኩ አለለት» አለችኝ። እንደዚያው አደረግን። ወንድ ልጄን ሌላ እናት አጠባችልኝ። ስሟን አላውቅም፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

በሰባተኛው ሳምንት ቤታችን ገባን። ወንዱ ያን ጊዜ 2,200 ግራም ነበር። የዱቄት ወተት ሁለት ጊዜ ተሞክሮለት ሁለቱንም ጊዜ ሆዱ ተነፍቶ ሰገራው ደም ቀላቀለ። ስለዚህ ሐኪሙ የተለገሰው ወተት ለስድስት ሳምንት እንዲቀጥል ማዘዣ ጻፈ። መድኑ የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፦ «የተለገሰ የእናት ጡት ወተት ምግብ ስለሆነ በውልዎ የሚሸፈን የሕክምና አገልግሎት አይደለም»።

ሒሳቡን ልንገራችሁ። ልጁ በቀን 11 አውንስ (330 ሚሊ ሊትር) ገደማ ይፈልጋል። ባንኩ ለአንድ አውንስ 4 ዶላር ያስከፍላል። በቀን 44፣ በወር ከ1,300 ዶላር በላይ፤ ማጓጓዣው ሳይቆጠር። የቤት ኪራያችንን ልንገራችሁ አልፈልግም።

ያው መድን የጡት ማለቢያ ማሽኑን አንድ ሳንቲም ሳያስከፍለኝ ቤቴ ድረስ ልኮልኛል። ማሽኑ ሕክምና ነው፤ ከማሽኑ የሚወጣው ምግብ ነው። ይህን የሚያስረዳኝ አለ? መድን ሊከፍል ይገባል የምትሉ፣ አይገባም የምትሉ፣ ሁላችሁም ተናገሩ። አልቀየምም።

---

ሌሊት ተረኛ (ሚኒያፖሊስ)

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። በጨቅላ ክፍል 14 ዓመት ሌሊት ሌሊቱን ሠርቻለሁ። ያቺ ነርስ የነገረችሽን እኔም ለስንት እናት በጆሮዋ ነግሬአለሁ።

ወተቱ ሲመጣልን ደርቆ ድንጋይ የሆነ በረዶ ነው። ለብ ባለ ውሃ እናቀልጠዋለን፤ ሲቀልጥ ስቡ ከላይ ይንሳፈፋል። ጠርሙሱ አይናጥም፤ በእጅ መዳፍ መካከል ቀስ ተደርጎ ይዞራል። ከዚያ በአፍንጫው በገባው ቀጭን ቱቦ፣ ለትንሹ ሕፃን በአንድ ጊዜ 2 ሚሊ ሊትር። አንድ ጠብታ መሬት ላይ ከወደቀች ሁላችንም እናዝናለን። ባንኩ ወተቱን አስቀድሞ በ62.5 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ያሞቀዋል፤ ይህ ከቫይረሱም ከባክቴሪያውም አብዛኛውን ይገድላል። ከወተቱ የበሽታ መከላከያም የተወሰነው በዚያው ይጠፋል። ስለዚህ የእናትየዋን ትኩስ ወተት የሚያህል የለም። ውድድሩ ግን ከዱቄቱ ጋር ነው።

ከክፍላችን ውጪ ያለ ሰው የማያውቀው በሽታ አለ፤ ኔክሮታይዚንግ ኢንትሮኮላይቲስ ይባላል፣ እኛ ኔክ እንለዋለን። ያልበሰለው አንጀት ይቆጣል፣ ከዚያ ግድግዳው ይሞታል። ማታ በሁለት ሰዓት ደህና የነበረ ሕፃን ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ቆዳው አመድ መስሎ ይገኛል። ቀዶ ሐኪሙ ሲጠራ ብዙ ጊዜ እናትየዋ ተኝታለች፤ የምቀሰቅሳት እኔ ነኝ።

በ2024 እ.ኤ.አ. ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የአሜሪካ ጥናት እጅግ ያለጊዜያቸው የተወለዱ 483 ሕፃናትን ለሁለት ከፍሎ ተመለከተ። የእናታቸው ወተት ሲያንስ ለአንደኛው ወገን የተለገሰ ወተት፣ ለሌላው ለእነርሱው የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ተሰጠ። ኔክ የያዛቸው ከመጀመሪያው ወገን 4.2 ከመቶ፣ ከሁለተኛው 9 ከመቶ ናቸው። የማይመቸኝንም ልናገር፦ ያው ጥናት ወደ ሁለት ዓመት ሲጠጉ የአእምሮ እድገታቸውን ለክቶ ልዩነት አላገኘም፤ ክብደት በመጨመርም የዱቄቶቹ ይበልጡ ነበር። ወተቱ ሊቅ አያደርግም። አንጀት ያተርፋል። ለእኔ ይበቃኛል፤ ለእነዚህ ሕፃናት መድኃኒት ነው፤ መድን ደግሞ ለመድኃኒት ይከፍላል።

---

የድሮ ሰው (ኦክላንድ)

ልጆቼ፣ 71 ዓመቴ ነው፤ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ደብረ ታቦር ሳለን እናቴ ታማ ጡቷ ሲደርቅ ታናሽ ወንድሜን ያጠቡት ጎረቤታችን ነበሩ። የራሳቸውን ልጅ በግራ፣ የእኛን በቀኝ። ማን ከፈላቸው? ማንም። ወንድሜ ግን እስኪያርፉ ድረስ በየፋሲካው ዶሮ ይዞ ይሄድ ነበር፤ የጡት እናቱ ናቸዋ። በእኛ አገር ጡት ያዛምዳል። ጢሙ ያበቀለ ሰው እንኳ ከትልቅ ሰው ጥላ ሥር መግባት ሲሻ አውራ ጣት ማር ተቀብቶ ይጠባና የጡት ልጅ ይሆን ነበር። አሁን በአውንስ ይመዘናል። አልፈርድም፤ ገርሞኝ ነው።

---

ደብተር ያዥ (ዳላስ)

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ለመድን ድርጅቶች የክፍያ ጥያቄ ስመረምር ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ስለዚህ «ጨካኞች» የምትሏቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ልጀምር።

ሆስፒታል ውስጥ ሳሉ ወተቱን ማን ከፈለ? ብዙ ጊዜ መድን ለሆስፒታሉ የሚከፍለው ለሙሉው ቆይታ የተጠቀለለ ሒሳብ ነው፤ አልጋውም፣ መድኃኒቱም፣ ወተቱም በዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ወተቱ ያለ ጭቅጭቅ ያልፋል፤ ወጪው ሆስፒታሉን እንጂ መድኑን አይቆረቁረውም። ቤት ሲገባ ጥቅሉ ይፈታል። ያኔ ወተቱ ብቻውን ራቁቱን ፊታችን ይቀርባል፤ እኛም ውል ገልጠን «ምግብ» የሚለውን ቃል እናገኛለን።

ወተቱ በአሜሪካ የክፍያ መለያ ቁጥር አለው፤ ቲ2101 ይባላል። ስሙን አንብቡት፦ የሰው ጡት ወተት ማቀነባበር፣ ማከማቸትና ማከፋፈል ብቻ። «ብቻ» ያለው ወተቱ ራሱ ስለማይሸጥ ነው። ለትርፍ የማይሠሩት ባንኮች ለለጋሾች አይከፍሉም፤ እህታችን የምትከፍለው 4 ዶላር ለለጋሿ የደም ምርመራ፣ ለማሞቂያው፣ ለባክቴሪያ ምርመራውና ለበረዶው ነው። እኔ ለአለቆቼ የምለው ይህንኑ ነው፦ ከፋዩ የሚገዛው ምግብ ሳይሆን ምርመራና ማምከን ነው። ደም ስንከፍል «ደም ምግብ ነው» አንልም።

ሕጉን በተመለከተ ግዛት ከግዛት ይለያያል። ኒውዮርክ ከ2017 ጀምሮ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ያለው የመንግሥት መድን) ሆስፒታል ላሉ ጨቅላዎች እንዲከፍል አድርጋለች። ካሊፎርኒያ በ2024 የግል መድኖችንም የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ያንቺዋ ዋሽንግተን ግዛት በ2022 ሕግ አውጥታለች፤ ቢሆንም የተጻፈው ሆስፒታል ለተኛ ሕፃን ነው። የሆስፒታሉ በር ላይ ያበቃል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሐበሻ የማያውቀው ወጥመድ። ባልሽ የሚሠራበት ኩባንያ ትልቅ ከሆነ መድኑ የእውነት መድን ላይሆን ይችላል። ኩባንያው ራሱ ከካዝናው ይከፍላል፤ ካርዱ ላይ ስሙ ያለው ድርጅት ወረቀት አመላላሽ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን እቅድ የሚገዛው በ1974 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው፤ የግዛት ሕግ አይነካውም። ስለዚህ መጀመሪያ ለባልሽ የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ደውዪና «እቅዱ ራሱን የሚከፍል ነው ወይስ የተገዛ?» ብለሽ ጠይቂ። ራሱን የሚከፍል ከሆነ ደስ ይበልሽ፤ አንድ አለቃ «ይከፈል» ካለ ይከፈላል፤ የሚለምኑት ሰው አለ ማለት ነው።

የእኔ አስተያየት? ሒሳቡ ራሱ ይመሰክራል። አንድ ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን 5 አውንስ ይበቃዋል፤ 20 ዶላር፤ በወር 600። የኔክ ቀዶ ሕክምናና ከዚያ በኋላ ያለው የሆስፒታል ቆይታ የሚቆጠረው በመቶ ሺህ ዶላር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው፤ መድን ማለት ይህ ነው፣ ትልቅ እድር። ነገር ግን በጊዜው ለተወለደ ጤነኛ ልጅ «ወተቴ ስላነሰ» ብላ የምትጠይቅ እናት ስትመጣ እምቢ እላለሁ። ገንዘቡ አይደለም የሚያሳስበኝ፤ ወተቱ ነው። ላም አይደለችም የምትታለበው። ለጤነኛው የሄደች ጠርሙስ ከ900 ግራሙ የተነሳች ናት።

---

ጎንጥ

እድርማ ሰው ሲሞት ነው የሚከፍለው። ስማችሁን አገኛችሁ።

---

የመንታ እናት

ደብተር ያዥ፣ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። ራሱን የሚከፍል እቅድ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ደወልሁ። አንዲት ሴት አነሣችና «ለዚህ ነገር የጠየቀን ሰው የለም» አለችኝ።

አንድ ነገር ግን አላስዋጠኝም። «ለጤነኛ ልጅ እምቢ እላለሁ» ስትል ከ1,500 ግራሙ መስመር ማዶ ያለችውን ሴት ልጄን አስብ። በአንድ ማኅፀን የኖሩ ናቸው፤ እርሷ ግማሽ ሲኒ ቡና ስለከበደች «ጤነኛ» ተባለች። ከመስመሩ ማዶ ያለው ሕፃን ሁሉ ጤነኛ አይደለም።

---

ኡሙ ዒምራን (ቶሮንቶ)

አሰላሙ ዐለይኩም። የድሮ ሰው፣ እማማ፣ «ጡት ያዛምዳል» ያሉት ለእኛ ተረት አይደለም፤ ሕግ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የጠባ ልጅ ያጠባችው ሴት ልጅ ይሆናል፤ ከልጆቿ ጋር መጋባት አይችልም። ስንት ጊዜ መጥባት አለበት በሚለው ሊቃውንት ይለያያሉ፤ ብዙ ቤት የሚነገረው አምስት ጊዜ ነው።

ልጄ በ28ኛው ሳምንት ሲወለድ ወተቱ ሲቀርብልኝ የጠየቅሁት ዋጋውን አልነበረም፤ የማን እንደሆነ ነው። ባንኩ የብዙ እናቶችን ወተት በአንድ ይቀላቅላል፤ ማን ከማን ጋር እንደተዛመደ አይታወቅም። ለሦስት ቀን አልቀበልም አልሁ። አንዲት ሐኪም፣ እንግሊዛዊት ናት፣ ጉዳዩን አጥንታ መጣች። የእስልምና ሊቁ ዩሱፍ አልቀርዷዊ በ1983 እንደፈቀዱ፣ በጅዳ ያለው የእስልምና ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) አካዳሚ በ1985 እንደከለከለ፣ የአውሮፓ የፈትዋ ምክር ቤት ደግሞ በ2004 ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ልጆች እንደፈቀደ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። ለኢማማችንም ደወልን። በመጨረሻ ልጄ ጠጣ።

ስለዚህ መድን ይክፈል ስትሉ ይህንንም ጨምሩበት፦ የአንዲት ለጋሽ ብቻ የሆነና መዝገብ የተያዘለት ወተት ለሚፈልግ ቤተሰብ ያም ይሸፈንለት። መዝገቡ ትርፍ ወጪ አለው፤ አውቃለሁ። ቱርክ በ2013 ኢዝሚር ላይ ባንክ ልትከፍት ተነሥታ የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው ልቡ ያልተቀበለውን ነገር መድን ቢከፍልለት ጠርሙሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው የሚቀረው።

---

ሪሾን (እስራኤል)

እኔ ከእናንተ ሌላ ቁስል አለኝ። እዚህ ከ2020 ጀምሮ ማገን ዳዊድ አዶም፣ የአገሪቱ የአምቡላንስና የደም ባንክ ተቋም፣ ብሔራዊ የወተት ባንክ ከፍቷል፤ ወተቱ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ልጆች ይሄዳል። ጥሩ ነገር ነው። ግን የተቋሙን ስም ስሰማ ጥር 1996 እ.ኤ.አ. ትዝ ይለኛል። የእኛ ሰው የሚለግሰው ደም በድብቅ ይደፋ እንደነበር ጋዜጣ ያወጣው ያን ጊዜ ነው። ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ወደ 10,000 ሰው ወጣን፤ እኔ የ19 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ የአስለቃሹ ጢስ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። በ2013 ደግሞ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷን የፓርላማ አባል ፕኒና ታማኖ ሻታን እዚያው ክኔሴት ውስጥ ደም ልትሰጥ ስትቀርብ መለሷት። ደንቡ በኋላ ተለውጧል።

ለምን አነሣሁት? መድን ወይም ኩፓት ሖሊም (የእዚህ አገር የጤና መድን ድርጅት) ለወተት ሲከፍል ከአንዲት እናት ወስዶ ለሌላዋ የሚሰጥ መንገድ እየሠራ ነው። ከፋዩ «ከማን ትቀበላላችሁ፣ ማንን ትመልሳላችሁ፣ በምን ምክንያት?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ይጠይቅ። ወተት የሰጠች ሴት ጠርሙሷ የት እንደደረሰ ማወቅ አለባት፤ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ከሆነም።

---

ሦስተኛ ፎቅ (አትላንታ)

ሪሾን ያነሣሽውን ልቀጥልበት። እዚህ አሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ነበር። በ2014 መጨረሻ ሜዶላክ የተባለ ድርጅት ዲትሮይት ውስጥ በተለይ ጥቁር እናቶችን በአውንስ 1 ዶላር እየከፈለ ወተታቸውን ሊሰበስብ አቀደ። የዚያ ከተማ ሴቶች ተቆጡ፤ ቅድመ አያቶቻቸው የጌታቸውን ልጅ እንዲያጠቡ የተገደዱ ባሪያዎች ነበሩና። በጥር 2015 ድርጅቱ እቅዱን ተወው።

መድን ገንዘብ ባፈሰሰበት ቦታ ነጋዴ ይበቅላል። ወተት ሆስፒታል ሁሉ የሚከፍልበት ዕቃ ከሆነ ነገ አንዲት ወር ሙሉ አራስ ቤት መተኛት የማትችል የሆቴል ሠራተኛ ልጇን ዱቄት እያጠጣች ወተቷን ትሸጣለች። እኔ ሆቴል ነው የምሠራው፤ የማውቀውን ነው የምናገረው። ወልጄ በ12ኛው ቀን ሥራ ገባሁ፤ የምታለብበት ቦታ የአንሶላ ማስቀመጫ ክፍል ነበር፤ ቆሜ። በሁለት ወሩ ጡቴ ደረቀ። ለተለገሰ ወተት የሚከፈለው ገንዘብ ለእኔ የስድስት ሳምንት ዕረፍት ቢከፈል ኖሮ የሌላ ሴት ወተት ባላስፈለገኝ። መድን ይክፈል፤ ግን ቀድሞ የሚከፈለው ሌላ ነገር አለ ባይ ነኝ።

---

ጎንጥ

ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን? በኢንተርኔት ወተት የሚሸጡና በነጻ የሚሰጡ እናቶች ሞልተዋል። አንዷን ሐበሻ ፈልጊና ጨርሺ። የቀድሞዎቹ ባንክ አልነበራቸውም።

---

ሌሊት ተረኛ

ጎንጥ፣ ወንድሜ፣ ይህን ምክር አንስተህ ጣለው። በ2013 በኢንተርኔት የተገዛ ወተት ተመርምሮ ከናሙናዎቹ 74 ከመቶው ከሚገባው በላይ ባክቴሪያ ወይም በሽታ አምጪ ተገኝቶበታል። በ2015 ደግሞ ያው የምርምር ቡድን ከ102 ናሙናዎች በ10ሩ ውስጥ የላም ወተት ተጨምሮ አገኘ። ሰገራው ደም ለሚቀላቅል ልጅ የላም ወተት ምን እንደሚያደርግ እኔ ልንገርህ? የድሮ ሰው እናታችን የጠቀሷቸው ጎረቤት ዓይን ለዓይን የሚተያዩ፣ አንድ ግቢ የሚኖሩ ነበሩ። ከማይታወቅ ሰው በፖስታ የመጣ ጠርሙስ ያ አይደለም።

የመንታ እናት፣ ይግባኙ እስኪወሰን ድረስ ሁለት ነገር አድርጊ። ብዙዎቹ ለትርፍ የማይሠሩ ባንኮች ለተቸገረ ቤተሰብ የሚሰጡት የበጎ አድራጎት ወተት ወይም ቅናሽ አላቸው፤ አፍረሽ ሳትጠይቂ እንዳትቀሪ። ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ደብዳቤውን እንደገና ይጻፈው። «ወተት ያስፈልገዋል» አይበቃም። የተወለደበት ሳምንት፣ ክብደቱ፣ ዱቄት ወተቱ በየትኛው ቀን ተሰጥቶ በየትኛው ቀን ደም እንደታየ፣ ስንት አውንስ ለስንት ቀን፣ መቼ እንደሚቆም። መጨረሻ ቀን የሌለው ማዘዣ መርማሪውን ያስፈራዋል። እውነት አይደለም፣ ደብተር ያዥ?

---

ደብተር ያዥ

እውነት ነው። ገደብ የሌለው ነገር ያስፈራናል። የሐኪሙ ደብዳቤ «በልዩ ሁኔታ» የሚል ቃል ቢኖርበትም አይከፋም፤ አለቃ ሲፈቅድ ሌላው ሁሉ እንዳይጎርፍበት ይፈልጋል።

ስለ ሴት ልጅሽ ያልሽኝን ደግሜ አነበብሁት። መስመሩን 1,800 ላይ ብናደርገው 1,840 የሆነ ይመጣል፤ ይህን ለዘጠኝ ዓመት ስል ኖሬአለሁ። ትክክል ነኝ ብዬም አምናለሁ። ግን መስመሩ ላይ የቆመ ልጅ ሲመጣ በሐኪሙ ፍርድ እንዲታለፍ ቀዳዳ መተው ይቻላል፤ እኛ ቀዳዳውን የምንደፍነው ሰነፍ ስለሆንን ነው።

---

አወያይ

ሁለት አስተያየቶች ተሰርዘዋል። የእናቶችን ጡት ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ይታገዳል። ውይይቱ ይቀጥል።

---

ጭምት

ብራዚልን ያነሣ የለም? ለአንድ ድርጅት ስሠራ ብራዚሊያ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። ያ አገር ከ200 በላይ የወተት ባንኮች አሉት፤ መንግሥት ነው የሚከፍለው፤ ለሕፃኑ ነጻ ነው። ብራዚሊያ ውስጥ ወተቱን ከቤት ለቤት የሚሰበስቡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። ጎረቤቴ የቡና ጠርሙስ፣ የፕላስቲክ ክዳን ያለው፣ ቀቅላ ወተቷን ታስቀምጥበት ነበር፤ ዩኒፎርም የለበሰ ጎረምሳ መጥቶ በበረዶ ሳጥን ይወስድላታል። መድን ይክፈል አይክፈል የሚል ክርክር እዚያ ሰምቼ አላውቅም።

---

የጨቅላ ሐኪም (አዲስ አበባ)

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬ ሌሊት ተራ የእኔ ነው፤ ክፍሉ ትንሽ ጋብ ሲል አነበብኋችሁ።

ከእናንተ ጥያቄ እኛ ጋር አንድ እርምጃ ይቀድማል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ዛሬ ብዙ ገጠር ደርሷል፤ አርሶ አደሩ በዓመት አንዴ መዋጮውን ከፍሎ ይታከማል። ይህ መድን «ለተለገሰ ወተት እከፍላለሁ» ቢል እንኳ የሚከፍልበት ጠርሙስ መኖር አለበት። ለጨቅላ ክፍላችን የታዘዘ ዕቃ ሁሉ ቢከፈልም መጋዘን ውስጥ ከሌለ ወረቀት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 33ቱ በመጀመሪያው ወር እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ ያለጊዜ መወለድ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም።

ዛሬ ማታ ክፍሌ ውስጥ 1,200 ግራም የሆነ ልጅ አለ። እናቱ ከሩቅ ነው የመጣችው፤ ወላድ እንደመሆኗ ከሆስፒታሉ ተሰናብታለች፣ ልጇ ግን ተኝቷል። የምታድረው ኮሪደር ላይ ጋቢ ዘርግታ ነው። በየሦስት ሰዓቱ መጥታ በእጇ በስኒ ታልባለች። ትናንት 15 ሚሊ ሊትር ነበር፤ ዛሬ ጠዋት 40 ደረሰ። ምን ተለወጠ? አንዲት ነርስ ልጁን ከደረቷ ጋር ቆዳ ለቆዳ አሰረችላት፤ ሾርባም ሰጠቻት። እንግዲህ የእኛ መድን መጀመሪያ እንዲከፍል የምፈልገው ለዚህች ሴት አልጋና ምግብ ነው። «ሦስተኛ ፎቅ» የተባሉት እህቴ አትላንታ ሆነው የተናገሩት ይኸው ነው። ከዚያ በኋላም ወተት የማይወጣላት፣ የታመመች፣ የሞተችም እናት ትኖራለች፤ ለእነዚያ ልጆች ባንክ ያስፈልጋል። ናይሮቢ ፑምዋኒ የወሊድ ሆስፒታል በ2019 እ.ኤ.አ. ከፍቷል፤ ከእኛ ብዙም ሩቅ አይደለም።

ተጠራሁ፤ ልሂድ።

---

የድሮ ሰው

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ኮሪደር ላይ ላለችው ልጅ ሾርባ መላክ የሚቻልበት መንገድ ካለ ይንገሩን። የልጅ ልጄ ቁጥሩን ትይዛለች።

---

የመንታ እናት

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፤ ብዙዎቻችሁ በግል ጠይቃችሁኛል።

ሐኪሙ ሌሊት ተረኛ እንዳለችው አድርጎ ደብዳቤውን ጻፈው፤ የደሙን ቀናት፣ የአውንሱን ቁጥር፣ የሚያበቃበትን ቀን ሁሉ። «በልዩ ሁኔታ» የሚለውንም አስገባሁት። እስከዚያው ባንኩ ለ10 ቀን የሚሆን ወተት በነጻ ሰጠን። ባለቤቴ የሠራተኛ ጉዳይ ክፍሏን ሴት በአካል ሄዶ አነጋገራት፤ የልጆቹን ፎቶ አሳያት። ይህን እኔ አላዘዝሁትም።

ማክሰኞ መልሱ መጣ። ለወንዱ የ30 ቀን ወተት ተፈቀደ። ምክንያቱን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፦ «ሲወለድ ክብደቱ ከ1,500 ግራም በታች ስለነበር»። ስለ ደሙ አንድ ቃል የለም። ሴቷ 1,540 ሆና የደማችው እርሷ ብትሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይመጣም ነበር ማለት ነው። ደብተር ያዥ፣ ቀዳዳውን አልተዉትም።

ሳጥኑ ዛሬ ጠዋት ደረሰ። ክዳኑን ስንከፍተው ደረቁ በረዶ እየጨሰ ወጣ፤ ሴቷ በአባቷ ክንድ ሆና ጢሱን ትኩር ብላ ታያለች። አሁን ወንድሟን በ600 ግራም ትበልጠዋለች። ጠርሙሶቹ ላይ እንደ ወትሮው ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ባለቤቴ በረዶ ቤቱ ውስጥ እናቴ የላከችውን በርበሬና ቅቤ ወደ ጎን ገፍቶ ቦታ አበጀ፤ 24ቱም ገቡ። ከሥሩ ደረሰኙ ነበር፦ ቲ2101፣ ማቀነባበር፣ ማከማቸትና ማከፋፈል ብቻ።